ኮራሉን ማን ገደለው? የኤይላት የዓሣ እርባታ ጉዳይ

በ2008 አጋማሽ ላይ፣ ከኤይላት ከተማ ፊት ለፊት ባሕር ላይ ተንሳፍፈው የነበሩት የዓሣ ማርቢያ ኬጆች (ከመረብ የተሠሩ ማጎሪያዎች) ተነቅለው ወጡ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያስወጣቸው የእስራኤል መንግሥት ውሳኔ ነው። ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት ብዙ ተባብሏል። ሳይንቲስቶች በጥናት መጽሔቶች ላይ ተጣሉ። የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት ዘመቻ ከፈቱ። ዓሣ አርቢዎቹ ደግሞ የእንጀራ ጉዳይ ነውና አጥብቀው ተሟገቱ።

የሚገርመው፣ ኬጆቹ ወጡ እንጂ ክርክሩ በሳይንስ አልተዘጋም። ኮራሉን የገደሉት እነሱ ናቸው ወይስ አይደሉም በሚለው ላይ ዛሬም ሁለት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ። እኔ ውሳኔው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ትክክል ያልኩት ግን የኬጆቹ ጥፋት ስለተረጋገጠ አይደለም። ከነጭራሹ አልተረጋገጠም። የዚህ ጉዳይ ፍሬም ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ለምን ሊረጋገጥ አልቻለም?

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። የአቃባ ባሕረ ሰላጤ፣ እስራኤሎች የኤይላት ባሕረ ሰላጤ የሚሉት፣ ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል ለሁለት ሲከፈል የምሥራቁ ክፍል ነው። ርዝመቱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስፋቱ ሰፋ በሚልበት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ግን ከ1,800 ሜትር ያልፋል። ግብፅ፣ እስራኤል፣ ዮርዳኖስና ሳዑዲ ዓረቢያ ይጋሩታል። የእስራኤል ድርሻ ጫፉ ላይ ያለች፣ 15 ኪሎ ሜትር እንኳ የማትሞላ ዳርቻ ናት። በዚያች ቁራጭ ላይ ወደብ፣ የነዳጅ ማራገፊያ፣ የባሕር ኃይል ሰፈር፣ የሆቴል ሰልፍ፣ የጠላቂዎች ማዕከላትና የኮራል ጥብቅ ክልል ተጨናንቀዋል። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው አካባቢውን በስም ያውቀዋል፤ ንጉሥ ሰሎሞን መርከቦቹን ያሠራባት ዔጽዮንጋብር በኤርትራ ባሕር ዳር፣ በኤሎት አጠገብ ነበረች።

ወደዚህ ባሕር የሚገባ ወንዝ የለም። ዝናብም የለም ማለት ይቻላል። ከመሬት ታጥቦ የሚገባ ነገር ስለሌለ ውኃው ድሃ ነው። ድሃ በመሆኑም ጥርት ያለ ነው። ኮራል ደግሞ የሚወደው ይህንኑ ድህነት ነው። ኮራል እንስሳ ነው፤ ሰውነቱ ውስጥ ግን ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሉታል። እሱ መጠለያ ይሰጣቸዋል፤ ከሰውነቱ የሚወጣውን ቆሻሻም ለምግብ መሥሪያ ያደርጉታል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከውጭ ሲበዛ ይህ ሽርክና ዋጋ ያጣል። ያን ጊዜ የሚጠቀሙት ወለሉ ላይ የሚበቅሉት ሌሎቹ አልጌዎች ናቸው። አልጌ በሳምንታት ውስጥ ያድጋል። ኮራል በዓመት የሚያድገው ሴንቲ ሜትሮች ብቻ ነው። ሩጫው እኩል አይደለም።

ይህ ባሕረ ሰላጤ ሌላም ለየት ያለ ጠባይ አለው። መግቢያው ላይ፣ በቲራን መተላለፊያ፣ የባሕሩ ወለል ከፍ ይላል። እዚያ ጥልቀቱ 250 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለው ውኃ ከቀይ ባሕር ዋናው ክፍል ጋር በቀጥታ አይገናኝም። የውቅያኖስ ጥልቅ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ እዚህ ግን ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አይወርድም። ስለዚህ ክረምት ላይ (እዚያ ብርዱ በሚበረታበት ወቅት) የላይኛው ውኃ ትንሽ ከቀዘቀዘ ክብደቱ ከሥረኛው ጋር ይቀራረባል። ከዚያ የላይኛው ይወርዳል፣ የታችኛው ይወጣል፣ ይደበላለቃሉ። በመቶዎች ሜትር ጥልቀት ተከማችቶ የቆየ ናይትሬትና ፎስፌት (የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ውሕዶች) ብርሃን ወዳለበት ይደርሳል። ይህ በየክረምቱ የሚሆን ነገር ነው። ምን ያህል ጥልቀት ድረስ እንደሚሄድ የሚወስነው ብርዱ ነው።

በጁን 1991 ፊሊፒንስ ውስጥ የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ሽቅብ የረጨው የሰልፈር ጉም ፀሐይን ጋርዶ ምድርን ለተወሰነ ጊዜ አቀዘቀዘ። የ1992 ክረምት በመካከለኛው ምሥራቅ ከባድ ብርድ ነበረው። በኤይላት የውኃው መደበላለቅ ከ850 ሜትር በላይ ወረደ። ጸደይ ሲመጣ አልጌው ፈላ፤ ሪፉ ላይ (ኮራሎች በዘመናት በገነቡት የባሕር ውስጥ አለት ላይ) እንደ ብርድ ልብስ ተነጠፈ። ሥሩ የቀረው ብዙ ኮራል ታፍኖ ሞተ። የባሕር ተመራማሪው አማጽያ ጌኒንና ሁለት ባልደረቦቹ ነገሩን ከፒናቱቦ ጋር አያይዘው በ1995 ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡት። ይህን ታሪክ ያዙልኝ። በኋላ በኬጆቹ ክርክር ውስጥ ሁለቱም ወገን ይመዘዋል።

በኤይላት ሪፍን መለካት የተጀመረው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዮሲ ሎያ፣ ያኔ ወጣት ተመራማሪ፣ በጣም ቀላል ዘዴ ይዞ ውኃ ውስጥ ገባ። የ10 ሜትር መለኪያ ከዳርቻው ጋር ትይዩ አድርጎ በተወሰነ ጥልቀት ላይ ይዘረጋል። ከመለኪያው ሥር ያለውን እያንዳንዱን ኮራል በዝርያው ይመዘግባል። ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሸፈነም ይጽፋል። ቀጥሎ ሌላ መስመር፣ ቀጥሎ ሌላ። በቃ። ዘዴው በ1972 ታትሞ ወጣ፤ ዛሬም በብዙ የዓለም ሪፎች ይሠራበታል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትዕግሥትና በየጊዜው እየተመለሱ እዚያው ቦታ ላይ መለካትን ነው።

የመመለስ ዋጋው ብዙም ሳይቆይ ታየ። በሴፕቴምበር 1970 ባሕሩ ያለወትሮው ሸሸ። የሪፉ ጠፍጣፋ አናት ለሰዓታት አየርና ፀሐይ ላይ ቀረ። እዚያ ከነበረው ኮራል 80 በመቶ ያህሉ ሞተ። ሎያ ቀድሞ ለክቶ ስለነበር ምን እንደጠፋ በቁጥር ያውቅ ነበር። ከዚያ ሁለት ቦታዎችን ተከታተለ። አንደኛው ጥብቅ ክልሉ ውስጥ ያለው ነው። ይህ ለነዳጅ ማራገፊያው ቅርብ ስለሆነ ዘይት በየጊዜው ይፈስበት ነበር። ሁለተኛው ወደ ደቡብ ራቅ ያለ፣ ዘይት የማይደርስበት ሪፍ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለተኛው አገገመ። የመጀመሪያው ግን ባለበት ቀረ። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ምክንያት ነው የተመቱት። ዋናው ልዩነታቸው ዘይቱ ነበር። ተማሪው ባሩክ ሪንኬቪችም ከእሱ ጋር ሆኖ ዘይት የነካው ኮራል መራባት እንደሚያቅተው በሙከራ አሳየ።

በእኔ አስተያየት በኤይላት ከተሠሩት የምርምር ሥራዎች ይህ በንጽሕናው ወደር የለውም። የቀድሞው ሁኔታ ተለክቷል። ማነጻጸሪያ ቦታ አለ። ተጠርጣሪው አንድ ብቻ ነው። የኬጆቹ ጉዳይ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱንም አላገኘም።

ኬጆቹ የመጡት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ቦታቸው የባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ጫፍ፣ ወደ ዮርዳኖስ ድንበር ጠጋ ብሎ ነበር። ሁለት ኩባንያዎች ተንሳፋፊ ቀለበቶች ላይ የተንጠለጠሉ ግዙፍ መረቦች ዘረጉ። ውስጣቸው በዋናነት ደኒስ ይረባ ነበር። እስራኤል ለሚኖር አማርኛ አንባቢ ደኒስን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ምግብ ቤት ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ የሚመጣው ዓሣ ነው። ሥራው እያደገ ሄዶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ2,000 ቶን በላይ ዓሣ ይመረትበት ነበር።

መረቡ ክፍት ነው። የዓሣው ኩስ፣ ሽንቱና ተርፎ የሚወርደው መኖ በቀጥታ ባሕሩ ውስጥ ይገባል። ሥራው ጫፍ በደረሰበት ጊዜ በዚህ መንገድ የሚገባው ናይትሮጅን በዓመት ከ200 ቶን በላይ እንደሆነ ተሰልቶ ነበር። ከኬጆቹ ሥር ያለው ደለል ጠቆረ፣ ኦክስጅን አጠረው። እዚህ ድረስ ማንም አልተከራከረም።

ጠቡ የተነሣው ሪፉ ላይ ነው። ዋናው ሪፍ ያለው ከኬጆቹ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በምዕራቡ ዳርቻ ነው። እዚያም ኮራሉ እየሳሳ እንደነበር የሎያ መስመሮች ይናገራሉ። ሎያና የሐሳብ ጓደኞቹ ጣታቸውን ወደ ኬጆቹ ቀሰሩ። የዓሣ እርባታው ተከላካዮች ደግሞ ማስረጃ ጠየቁ። ከጠያቂዎቹ መካከል የሎያ የቀድሞ ተማሪ ሪንኬቪች ነበር። በ2005 ስለ ሪፉ መጎዳት የወጡትን ጥናቶች አንድ በአንድ እያገላበጠ የሚተች ጽሑፍ አሳተመ። መምህርና ተማሪ እንዲህ ፊት ለፊት ሲቆሙ ማየት ለሐሜት ይመቻል። እኔ ግን የጤና ምልክት ነው የምለው። ሁለቱም ቁጥር ይዘው ነው የመጡት።

ቁጥሮቹ ግን ተቃረኑ። በ2003 ሪንኬቪች ያለበት ቡድን የኮራል ቁርጥራጮችን ኬጆቹ አጠገብ ውኃ መሐል ሰቅሎ ተከታተለ። ኮራሎቹ ከማነጻጸሪያው ቦታ ይልቅ ፈጥነው አደጉ። የመራቢያ አካላቸውም የተጎዳ አልሆነም። በ2004 የሎያ ቡድን ተቃራኒውን አወጣ። ኬጆቹ አጠገብ የነበረው ኮራል የመራባት አቅሙ ቀንሷል፣ የሚያፈራው እጭም አነስተኛ ነው አለ። ሁለቱም ስታይሎፎራ ፒስቲላታ የተባለውን፣ የኤይላትን በጣም የተለመደ ኮራል ተጠቅመዋል። ዝርያው አንድ፣ ባሕሩ አንድ፣ ኬጆቹም እነዚያው።

ሰው እዚህ ላይ ደርሶ ሳይንቲስቶች እንደፈለጋቸው ነው የሚያወጡት ብሎ ሊተወው ይችላል። እንዲያ አይደለም። ውኃ መሐል ላይ ተሰቅሎ የሚያድግ ኮራል ከአልጌ ጋር ለወለል ቦታ አይሻማም። ደለል አይጫነውም። በዙሪያው ያለው ምግብ ብዙ ነው። ስለዚህ ቢወፍር አይገርምም። እውነተኛ ሪፍ ላይ ያለው ኮራል ግን ሕይወቱ በሽሚያ ነው። አንድ ኮራል ብቻውን በምግብ መብዛት መጠቀሙና ሪፉ በምግብ መብዛት መጎዳቱ አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። የእያንዳንዱ ጥናት ውጤት ለጠየቀው ጥያቄ ልክ ነው። ችግሩ መንግሥት የፈለገው ጥያቄ ሦስተኛ መሆኑ ነበር፦ ከ8 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በዓመታት ውስጥ፣ መላው ሪፍ ምን ይሆናል? ይህን በገመድ ላይ ቁራጭ ኮራል አንጠልጥሎ መመለስ ያስቸግራል።

ከዚያ የፒናቱቦ ታሪክ ተመዘዘ። የኬጆቹ ተከላካዮች ሒሳብ አቀረቡ። በአንድ ክረምት ከጥልቁ የሚወጣው ናይትሮጅን ከኬጆቹ ከሚገባው እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ ኬጆቹ ከባሕሩ አንጻር ኢምንት ናቸው አሉ። መቼም ሒሳቡ ያሳምናል። ተቃዋሚዎቹ የመለሱት ግን ከዚያ ይጠልቃል። ከጥልቁ የሚወጣው የባሕሩ የራሱ ነው። ይወጣል፣ ይበላል፣ ሞቶ ይወርዳል፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይወጣል። ዑደት ነው። የኬጆቹ ግን ከውጭ በመኖ ከረጢት የመጣ ጭማሪ ነው። መውጫው ጠባብ በሆነ ገንዳ ውስጥ በየዓመቱ ይደመራል። የተጨመረውም ጥልቁ ውስጥ ተከማችቶ፣ እንደ 1992 ያለ ብርድ በመጣ ቁጥር አብሮ ይወጣል። ያኔ ጉዳቱ ሲታይ ሰው ብርዱን ይወቅሳል።

እኔን ያሳመነኝ ይህ ክርክር ነው። ማስረጃ አይደለም፣ አመክንዮ ነው። ይህን በልኬት ለማረጋገጥ ኬጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ ከላይ እስከ ወለሉ ድረስ፣ ወር በወር የተለካ የናይትሬት መዝገብ ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ተከታታይ መዝገብ አልነበረም። የግለሰብ ተመራማሪዎች ልኬት አለ፤ ግን እያንዳንዱ ለራሱ ጥናት፣ በራሱ ዘዴ፣ የምርምር ገንዘቡ እስከሚያልቅ ድረስ ነው የለካው።

ተጠርጣሪው አንድ ቢሆን ኖሮ ይህም ባልከፋ። ግን ተመልከቱ። የኤይላት ከተማ ፍሳሽ እስከ 1995 ድረስ ባሕሩ ውስጥ ይገባ ነበር። ወደቡ ላይ ፎስፌት ሲጫን አቧራው ውኃው ላይ ይዘንብ ነበር። ጠላቂዎች በዓመት ከ250,000 ጊዜ በላይ እዚያች አጭር ዳርቻ ላይ ይጠልቁ ነበር። እግራቸውና መሣሪያቸው ኮራል ይሰብራል። የ1992 ቁስልም ገና አልጠገገም። አንዱ ሲቆም ሌላው ይቀጥላል፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው ያልቃል። ኮራሉ ቢናገር እንኳ የትኛው እንደገደለው አያውቅም።

በ2001 ከውጭ አገር የመጡ ባለሙያዎች ቡድን የብክለቱን ምንጮች እንዲመረምር ተጠራ። ክርክሩን አልጨረሰውም። ከዚህ ጊዜ ወዲያ ግን ሁሉም ወገን አንድ ነገር ላይ መስማማት ጀመረ፦ ቋሚ ክትትል የለንም። በ2003 ብሔራዊ የክትትል ፕሮግራም ተቋቋመ። ገንዘቡን የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ይሰጣል። ሥራውን የሚያካሂደው የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የባሕር ሳይንስ ተቋም ነው። መሪነቱን ለረጅም ጊዜ የያዘው የፒናቱቦውን ጥናት የመራው ጌኒን ነው።

የሚሠሩት ሥራ አሰልቺ ነው። አሰልቺነቱን በበጎ ነው የምለው። ሳም ሮትበርግ የተባለችው የተቋሙ መርከብ በየወሩ ጥልቀቱ 700 ሜትር ገደማ ወደሆነ፣ ሁልጊዜ ወደማይለወጥ ቦታ ትሄዳለች። ከላይ ጀምሮ እስከ ታች በየጥልቀቱ ውኃ ይቀዳል። ሙቀት፣ ጨዋማነት፣ ኦክስጅን፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ክሎሮፊል ይለካል። ከተቋሙ ወደ ባሕሩ በተዘረጋው ድልድይ ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሌሊትና ቀን ይመዘግባሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ጠላቂዎች ሪፉ ላይ ይወርዳሉ። ኮራሉን፣ ዓሣውን፣ የባሕር ጃርቱን ይቆጥራሉ። ደለሉም ይመረመራል። ሪፖርቱ በየዓመቱ ለሕዝብ ይወጣል። አብዛኛው ገጽ ባለፈው ዓመት ከነበረው ብዙም የተለየ ነገር አይነግራችሁም። እንዲህ ያለ ሥራ ለገንዘብ ሰጪ ማስረዳት ከባድ ነው። አዲስ ግኝት የለውም፣ ዜና አይሆንም። ክስ በመጣ ቀን ግን ያለ እሱ መናገር አይቻልም።

ፕሮግራሙ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ላይ እያለ ውሳኔው መጣ። በ2005 የእስራኤል ካቢኔ ኬጆቹ ቀስ በቀስ ተነሥተው እስከ ጁን 2008 እንዲያልቁ ወሰነ። ዛሉል የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ማኅበርና የሪፍ ተመራማሪዎቹ ግፊት ቀላል አልነበረም። የሥራ ዕድል የሚያጡ ሰዎችም ነበሩ፤ ኤይላት ከሆቴል ውጭ ብዙ አማራጭ ያላት ከተማ አይደለችም። ከዚያ ወዲህ የእስራኤል የባሕር ዓሣ እርባታ ወደ ሜድትራኒያን ዞሯል። እዚያ ባሕሩ ክፍት ነው፣ ከኬጁ ሥር የሚጠበቅ የኮራል ሪፍ የለም።

ውሳኔውን ትክክል ነው ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ኬጆቹ ገድለዋል ወይ ከሆነ መልሱ አልተረጋገጠም ነው። ጥያቄው ጥርጣሬው ሲኖር ወጪውን ማን ይሸከም ከሆነ ግን ሌላ ነው። ኬጅ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል። የዓሣው ገበያም አይዘጋም። ሪፍ ግን ከጠፋ በሰው ዕድሜ አይመለስም። ሁለቱ ስሕተቶች እኩል ክብደት የላቸውም። መንግሥት እስኪረጋገጥ ልጠብቅ ቢል ኖሮ በዚያ የመረጃ ሁኔታ እስከ ዛሬ ይጠብቅ ነበር። የሎያ ተቃዋሚዎች በሳይንሱ ላይ ያነሡት ነጥብ ብዙው ልክ ነበር፤ ከዚያ ተነሥተው ኬጆቹ ይቆዩ ወደሚለው መድረሳቸው ነው ያልተዋጠልኝ።

ከ2008 በኋላስ? ከኬጆቹ ሥር የነበረው ወለል በጥቂት ዓመታት ውስጥ እያገገመ መጣ። ይህ የሚጠበቅ ነበር። በሪፉ ላይ ደግሞ የክትትል ፕሮግራሙ ለዓመታት ቀስ ያለ የኮራል ጭማሪ መዘገበ። ደስ ይላል፣ ግን ጉዳዩን አይዘጋውም። ጭማሪው ከኬጆቹ መውጣት የመጣ ነው? ፍሳሹ ከቆመ በኋላ የዘገየ ውጤት ነው? የ1992 ቁስል መጠገግ ነው? ክትትሉ የተጀመረው ኬጆቹ ሊወጡ አምስት ዓመት ሲቀራቸው ነው። የኬጆቹ ዘመን ውስጥ ያለው መዝገብ አጭር ነው፤ በዚያ ላይ ክረምቶቹ አይመሳሰሉም። ለዚህ ነው የተለያየ መልስ ያለው ሰው ዛሬም ያለው።

መዝገቡ ያልታሰበ ጥቅም የሰጠው በሌሎች ነገሮች ላይ ነው። በማርች 2020 ከባድ ማዕበል ጥብቅ ክልሉን መታው። ጉዳቱ ካለፈው ዓመት ቆጠራ ጋር ወዲያው ተነጻጸረ። በ2023 መጀመሪያ ደግሞ ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር ጃርት፣ ዲያዴማ ሴቶሱም፣ በሳምንታት ውስጥ በገፍ አለቀ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሜድትራኒያን ተመሳሳይ እልቂት ደርሶ ነበር። በቀጣዩ ምርምር ገዳዩ ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ተሕዋስ መሆኑ ታወቀ። የባሕር ጃርት ለሪፍ ትልቅ ባለውለታ ነው፤ አልጌውን እየጋጠ ለኮራል ቦታ ይለቅለታል። በካሪቢያን ባሕር የዲያዴማ ዘመድ የሆነው ዝርያ በ1983 ሲያልቅ ብዙ ሪፎች በአልጌ ተውጠዋል። ኤይላት ላይ ቀጥሎ የሚሆነውን ለመከታተል ቢያንስ ከዚያ በፊት ስንት ጃርት እንደነበር ይታወቃል።

ሙቀቱም አለ። የባሕረ ሰላጤው የላይኛው ውኃ በአሥር ዓመት ከ0.4 እስከ 0.5 ዲግሪ እየሞቀ ነው። ይህ ከዓለም ባሕሮች አማካይ በጣም ይፈጥናል። የኤይላት ኮራሎች ሙቀትን በመቻል የታወቁ ናቸው። የኮራል ተመራማሪው ማዖዝ ፋይንና ባልደረቦቹ በ2013 አካባቢውን የኮራል መጠለያ ሊሆን የሚችል ብለውታል። ግን ሙቀቱ ሌላ ነገርም ይዞ ይመጣል። ክረምቱ ሞቅ ካለ የውኃው መደበላለቅ ይቀንሳል፤ ከጥልቁ የሚወጣው ምግብ ይቀንሳል፤ የታችኛው ውኃ ኦክስጅን የሚያገኝበት ዕድልም ይቀንሳል። ስለ ኬጆቹ የተጀመረው የናይትሬት መዝገብ አሁን ይህን ለመከታተል ይውላል። ያኔ ይህን ያሰበ አልነበረም።

ቀጣዩ ጠብ የመጣው ከነዳጅ ነው። በዲሴምበር 2014 ከኤይላት ሰሜን ያለ የነዳጅ ቧንቧ ተሰብሮ 5 ሚሊዮን ሊትር ያህል ድፍድፍ ዘይት በኤቭሮና በረሃ ጥብቅ ክልል ፈሰሰ። ወደ ባሕሩ አልደረሰም። በ2020 መገባደጃ ላይ የቧንቧው ባለቤት የሆነው የመንግሥት ኩባንያ ከኢምሬትስ የሚመጣ ዘይት በኤይላት በኩል ለማሳለፍ ተስማማ። ይህ ማለት ብዙ ተጨማሪ ታንከር ከሪፉ አጠገብ ይቆማል ማለት ነው። ከ200 በላይ ሳይንቲስቶች ተቃውመው ፈረሙ። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴርም በባሕረ ሰላጤው ላይ ምንም ተጨማሪ አደጋ አይፈቀድም የሚል አቋም ያዘ። ሁለቱን ክርክሮች ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ለውጥ ይታየኛል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጠቡ ሪፉ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለና ማን እንደጎዳው ነበር። በዚህኛው ጊዜ የሪፉ ሁኔታ በመዝገብ ይታወቃል። ክርክሩ የአደጋው ዕድልና የገንዘቡ ጉዳይ ላይ ሆነ። ይህ ለፖለቲካ የሚመች ክርክር ነው፤ ምርጫው የማን እንደሆነ ግልጽ ያደርጋል።

የቀረው ትልቁ ጉድለት ድንበሩ ነው። የዮርዳኖስ አቃባ የራሱ የባሕር ሳይንስ ጣቢያ አለው፤ ዳርቻውም ከእስራኤል ይረዝማል። ሳዑዲና ግብፅ ደግሞ የባሕረ ሰላጤውን አብዛኛውን ዳርቻ ይይዛሉ። ውኃው አንድ ሆኖ ሳለ መዝገቡ ለየብቻ ነው። ይህን ለማገናኘት በ2019 ስዊዘርላንድ ውስጥ ለመላው ቀይ ባሕር የሚሠራ የምርምር ማዕከል ተቋቁሟል። ገለልተኛ አገር የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ማዕከሉ ከሠራባቸው አገሮች አንዷ ጅቡቲ ናት። የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በዚያ ወደብ ነው፤ የጅቡቲ ሪፎች ደግሞ ከመርከቦቹ መስመር ሩቅ አይደሉም። ወደቡ ከዚህም በላይ ከመስፋቱ በፊት እዚያ የሚለካው ሁሉ ኤይላት በጊዜው ያላገኘችው የቅድሚያ መዝገብ ይሆናል።